ናይትሬት ውሃ በመድፋት ብቻ አይወርድም

ውድ አዘጋጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

በቅርቡ ጋዜጣችሁ ላይ ስለ ቤት ውስጥ አኳሪየም የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ ነው ብዕር ያነሳሁት። በዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚጻፍ ነገር እንደ ልብ ስለማይገኝ መውጣቱ ራሱ አስደስቶኛል። አንዷ አንቀጽ ግን አላስቀመጠችኝም። የጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ ናይትሬት (ከምግብና ከዓሣ ቆሻሻ መጥቶ ውሃ ውስጥ የሚጠራቀም ነገር) ከ10 ካለፈ ግማሹን ውሃ ደፍቶ በንጹሕ ውሃ መተካት፣ ዜሮ እስኪደርስም መደጋገም ነው ይላል ምክሩ። ዓሣ ብቻ ላለው ሰው ይህ ገንዘብ ማባከን ነው። ኮራል (ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ) ላለው ሰው ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። አንባቢ ይህን አምኖ ባልዲ ከማንሳቱ በፊት የማውቀውን ልበል።

የምኖረው ጅማ ነው። ጅማና የባሕር ዓሣ ምን አገናኛቸው ለምትሉ፣ ነገሩ አጭር ነው። አዲስ አበባ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ዜጋ ላይ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ከነነፍሱ ገዛሁ። ዓሦቹን በባልዲ፣ ውሃውን በጀሪካን፣ ድንጋዮቹን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ 350 ኪሎ ሜትሩን በሚኒባስ አመጣኋቸው። (የእናንተ ጋዜጣ ይሁን የሌላ አላስታውስም፤ ብቻ እርጥበት በደንብ ይይዛል።) ጨው የሚመጣልኝ ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ ነው። ቤቴ የገባ እንግዳ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው "ይበላል?" ነው። አይበላም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ናይትሬት ከየት ይመጣል? ከምግብ። ዓሣ የበላውን ፕሮቲን ሲፈጭ አሞኒያ ያስወጣል፣ አብዛኛውንም በስንጥቡ በኩል። ሳይበላ የቀረው ምግብም ሲበሰብስ ያው አሞኒያ ይሆናል። ድንጋይና አሸዋ ላይ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አሞኒያ ገዳይ ስለሆነ ቶሎ ይታወቃል። ናይትሬት ግን ለዘብ ያለ ነው፤ ዓሣው እየዋኘ፣ ውሃው ኩልል ብሎ እየታየ ዝም ብሎ ይጠራቀማል። ኮራል በሚኖርበት ባሕር ውስጥ ናይትሬት በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች ነው። ባሕሩ ሰፊ ነው፣ ናይትሬቱን የሚጠቀመውም ፍጥረት ብዙ ነው። የእኛ ገንዳ ግን ዝግ ነው። በጣታችሁ ቆንጥራችሁ የጣላችሁት ምግብ ሁሉ እናንተ ካላወጣችሁት እዚያው ነው።

ስለዚህ ነገሩ የገቢና የወጪ ሂሳብ ነው። ጽሑፉ ስለ ወጪው ብቻ አወራ፣ ገቢውን ረሳው። አንድ ምሳሌ ላስላላችሁ። ናይትሬቱ በየሳምንቱ በሊትር በ5 ሚሊ ግራም የሚጨምር ገንዳ አለ እንበል። ባለቤቱ በየሳምንቱ 10 በመቶውን ውሃ ይቀይራል፣ የሚጨምረውም ናይትሬት የሌለው ውሃ ነው። ጎበዝ ሰው ነው፣ አንድም ሳምንት አያስታጉልም። ያ ገንዳ የት ሄዶ የሚቆም ይመስላችኋል? 50 ላይ። ውሃ በተቀየረ ማግስት 45፣ በሳምንቱ ተመልሶ 50፣ እንዲህ እያለ ይኖራል። የሚቀይረውን ውሃ እጥፍ አድርጎ 20 በመቶ ቢያደርሰው 25 ላይ ይቆምለታል። አሁን ደግሞ ውሃውን እንደ ድሮው 10 በመቶ እየቀየረ ምግቡን ብቻ በግማሽ ቢቀንስስ? ያው 25። አንዱ በየሳምንቱ ተጨማሪ ጨውና ተጨማሪ ውሃ ያስወጣል፣ ሌላው ምንም አያስወጣም፣ እንዲያውም የምግብ ወጪ ይቀንሳል። ለእኔ 200 ሊትር ገንዳ 20 በመቶ ማለት 40 ሊትር ነው፤ ለዚያ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የባሕር ጨው ይሄዳል። በየሳምንቱ! ዘመድ ሻንጣው አያልቅበትም እንዴ?

የአፍዴራ ጨው ለምን አትጠቀምም የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አይሆንም። የገበታ ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፣ አዮዲን ተጨምሮበት። የባሕር ውሃ ግን በሊትር 400 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየምና 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዚየም አለበት። ኮራል አጽሙን የሚሠራው በካልሲየሙ ነው። ለወጥ እንጂ ለኮራል አይሆንም።

"ከ10 ካለፈ" የሚለውም ቁጥር ያለ መለኪያ የተጻፈ ነው። የምን 10? አንዳንድ ቴስት ኪት (የውሃ መመርመሪያ) የሚያሳየው ናይትሬቱን በሙሉ ነው። ሌላው ደግሞ በናይትሬቱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ሁለተኛውን ወደ መጀመሪያው ለማምጣት በ4.43 ማባዛት ያስፈልጋል። ስለዚህ ያንኑ ውሃ አንዱ ሰው "10 ነው" ሲል ሌላው "44 ነው" ይላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። አንባቢ ወረቀቱን ገልብጦ የትኛው እንደሆነ ካላየ ወይ በከንቱ ይደነግጣል ወይ በከንቱ ይረጋጋል።

አለካኩም ራሱ ጣጣ አለው። በአንዳንዶቹ ኪቶች አንደኛው ጠርሙስ ሥር የሚዘቅጥ ነገር አለ፤ በደንብ ሳይናጥ ከተጨመረ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይተኛል። ቀለሙን በገንዳው ሰማያዊ መብራት ሥር ማየትም ዋጋ የለውም፤ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ነው የሚታየው። ደግሞ የአገልግሎት ጊዜውን አንብቡ። እኛ ጋ የሚደርሰው ኪት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የከረመ ሊሆን ይችላል።

ጽሑፉ "ንጹሕ ውሃ" ብሎ ያለፋት ነገር ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና እኛ ጅማዎችን የሚመለከተው በዋናነት እሷ ናት። ንጹሕ ማለት ምን ማለት ነው? ለዓይን ንጹሕ የሆነ ውሃ በናይትሬት የተሞላ ሊሆን ይችላል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። በተለይ ጥልቀት የሌለው፣ ሽንት ቤት አጠገብ የተቆፈረ የጉድጓድ ውሃ። የሽንት ቤቱ ፍሳሽ አፈር ውስጥ ሰርጎ ሲሄድ ናይትሮጅኑ ወደ ናይትሬት ይለወጥና ከውሃው ጋር ይጓዛል። በዚያ ውሃ ገንዳ መቀየር ናይትሬትን በናይትሬት መተካት ነው። ከላይ የሠራሁት ሂሳብ ሁሉ የሚሠራው የሚገባው ውሃ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ በትነት የጎደለውን መሙላቱ ነው። ከገንዳ በየቀኑ ውሃ ይተናል፣ ናይትሬት ግን አይተንም። የጎደለውን በጉድጓድ ውሃ የሚሞላ ሰው ዓሦቹን ባይመግብ እንኳ በየቀኑ ናይትሬት እየጨመረ ነው።

"አፍልቼ ነው የምጨምረው" የሚሉም አጋጥመውኛል። ማፍላት ጀርም ይገድላል። ናይትሬትን ግን አይነካም፤ እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ የቀረው ውስጥ ይበረታል። ውሃ አጋርም እንደዚሁ፣ ክሎሪን ስለሆነ ሥራው ጀርም ላይ ነው። ይህን ለአኳሪየም ብቻ ብዬ አይደለም የምለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ በተለይ በጡጦ የሚያድጉ ጨቅላ ሕፃናት ደማቸው ኦክስጅን መሸከም እየተሳነው ቆዳቸው ሊጠቁርና ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ጡጦ የሚበጠበጠው በጉድጓድ ውሃ ከሆነ አፍልቼዋለሁ ማለት ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። ውሃውን ማስመርመር ነው። አዘጋጆች፣ ከዓሣው ጉዳይ ይልቅ ይህ ራሱን የቻለ ዘገባ የሚወጣው ይመስለኛል።

የዝናብ ውሃስ? ጅማ ዝናብ ብርቅ አይደለም፣ ሮቶ ሙሉ በነፃ ይገኛል። ግን የእኛ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮው ደግሞ በዚንክ የተለበጠ። እኛ ብንጠጣው ያን ያህል የማያስጨንቀን ዚንክ ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ነው፣ መዳብም እንዲሁ። ስለዚህ የዝናቡም የቧንቧውም መጨረሻ አር ኦ ማጣሪያ ነው፤ ውሃውን በግፊት በጣም ደቃቅ በሆነ ሽፋን አሳልፎ የሟሟውን የሚያስቀር ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የቀረውን የሚለቅም ሬዚን ቢገጠምለት ደግሞ የበለጠ። ለመጠጥ የሚሸጡት የአር ኦ ማሽኖችም ይሠራሉ፤ ብዙዎቹ ግን መጨረሻ ላይ ለጣዕም ብለው ማዕድን የሚጨምር ካርትሬጅ አላቸው፣ እሱን መንቀል ነው። የቧንቧው ግፊት ደካማ ከሆነ ማጣሪያው ያንጠባጥባል እንጂ አያወርድም፤ ትንሽ የግፊት ፓምፕ ይፈልጋል። አንድ ሊትር ንጹሕ ለማግኘት ሦስት አራት ሊትር የሚጣል ውሃ ይወጣል። እኛ ቤት እሱ ልብስ ያጥባል፣ ወለል ይወለውላል፣ ጓሮ ያለችውን ቡናም ያጠጣል። ናይትሬት ቢኖርበት ለቡናዋ ማዳበሪያ ነው፣ እዳው ገብስ።

ምግብ ላይ እመለሳለሁ፣ እዚያ ነው ትልቁ ገቢ። ዓሣ ሲበላ ማየት ደስ ስለሚል ሁላችንም እናበዛለን። ክላውንፊሽ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ለማኝ ነው፤ ሰው ባየ ቁጥር መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይወዛወዛል፣ አሁን የበላም ቢሆን። እኛ ቤት ጉዳዩን ያባባሰችው አክስቴ ናት። ለእንግድነት መጥታ በሰነበተች ጊዜ ዞር ስል ጠብቃ የዳቦ ፍርፋሪ ትጥላለች። "ልጄ፣ እነዚህን ምስኪኖች በረሃብ ልትፈጃቸው ነው እንዴ?" አክስቴ፣ በልተዋል እኮ። "እኔን እንዲህ እያዩ በልተዋል ትለኛለህ?" ከዚያ ወዲያ የዕለቱን ምግብ ለይቼ በትንሽ ብልቃጥ እያስቀመጥኩ እሷው ራሷ እንድትሰጣቸው አደረግሁ። ብልቃጡ ባዶ ከሆነ የዛሬው አልቋል። ሠርቷል። ልጆች ያሉበት ቤትም ይህችን ዘዴ ይሞክር።

የሚሰጠው በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ነው። በረዶ የሆነ ምግብ ከሆነ በንጹሕ ውሃ ሟሙቶ በወንፊት ይጠለል፣ ጭማቂው ይደፋ። ከግቤ የሚመጣውን ቆሮሶ ከትፈው የሚሰጡም አሉ፤ አልፎ አልፎ ከሆነ አልቃወምም፣ ግን ሳይታጠብ ከነደሙ ከገባ ገንዳውን ነው የምትመግቡት እንጂ ዓሣውን አይደለም። ጥሬ ጉበት የሚመክሩም አሉ። ጉበቱን ለሰው አቆዩት።

ሁለተኛው ገቢ የሚደበቅ ነው። ማጣሪያ ስፖንጅና ከረጢት። ብዙ ሰው ስፖንጁ ቆሻሻ ይይዛል ብሎ ይረሳዋል። ይይዛል፣ ግን የያዘው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው፤ ሲበሰብስ ያው ናይትሬት ነው። በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ወጥቶ ካልታጠበ ባይኖር ይሻላል። የእኔን ገንዳ ስረከበው በድንጋዮቹ ጀርባ፣ ሞገድ በማይደርስበት ጥግ፣ እንደ ቡና አተላ ያለ ቡናማ ደለል ተኝቶ ነበር። ከፊት ለፊት ስታዩት ምንም የለም። በትልቅ ሲሪንጅ ውሃ እየገፋሁ ሳስነሳው ገንዳው ለጊዜው ጠቆረ፣ ዓሦቹም ተደበቁ። ያንን በጎማ ቱቦ ስቦ ማውጣት ነው ውሃ መቀየር የሚባለው። ከላይ ኩልል ያለውን ቀድቶ መድፋት ጨው መድፋት ነው። ከዚያ ወዲያ ሞገድ የሚሠራውን ፓምፕ አቅጣጫ አዙሬ ወደዚያ ጥግ እንዲነፋ አድርጌያለሁ፣ ደለሉም እንደ ድሮው አልተመለሰም።

አሁን ወደ ወጪው። ስኪመር የሚባለው መሣሪያ ናይትሬትን በቀጥታ አያወጣም፣ ይህን ብዙዎች ይስቱታል። የሚያወጣው ገና ያልበሰበሰውን ነው፤ በደቃቅ የአየር አረፋ ላይ የተጣበቀውን ቅባትና ፕሮቲን ገፎ ኩባያው ውስጥ ያጠራቅማል። ኩባያውን ስትደፉ ሽታው ይነግራችኋል። ኩባያው ከነአንገቱ ካልታጸዳ አረፋው አይወጣም፤ የቆሸሸ ስኪመር ድምፅ ብቻ ነው።

ድንጋዩና አሸዋውም የራሳቸው ሥራ አላቸው። ኦክስጅን በማይደርስበት ውስጣቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። ጥሩ ነው፣ ግን ዝግታ አለው፣ ገደብም አለው። ብዙ አሸዋ ቢኖር ይሻላል ብላችሁ ወፍራም አሸዋ ካነጠፋችሁ በኋላ አትቆፍሩት፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ሊወጣና ገንዳውን ሊፈጅ ይችላል።

ለእኔ ትልቁን ሥራ የሠራችልኝ ኬቶሞርፋ የምትባል አረንጓዴ አልጌ ናት። ከሥር ባለችው ትንሽ ገንዳ ውስጥ መብራት አብርቼላት ተጠቅልላ ታድጋለች። ለማደግ ናይትሬትና ፎስፌት (እሱም ከምግብ የሚመጣ ነው) ትወስዳለች። መብራቷን የማበራው ሌሊት፣ የላይኛው ገንዳ ሲጠፋ ነው፤ ያኔ ኮራሎቹ ኦክስጅን መሥራት ስለሚያቆሙ እሷ ትተካቸዋለች፣ የውሃው ፒኤችም (የአሲድነት መለኪያው) ብዙ አይወርድም። ግን ልብ በሉ፣ ናይትሬቱ የሚወጣው አልጌዋ ስታድግ ሳይሆን ተቆርጣ ስትወጣ ነው። ሳትቆረጥ ተጨናንቃ ከሞተች የወሰደችውን ሁሉ መልሳ ትለቀዋለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ናይትሬቱ አልወርድ ካለ ሰዎች ወደ ቮድካ ይሄዳሉ። ለራሳቸው አይደለም፣ ለገንዳው። ቀልድ ይመስላል ግን በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ዘዴ ነው። አልኮሉ፣ ወይም በእሱ ፈንታ የሚጨመረው አቸቶ፣ ለባክቴሪያዎች ካርቦን ይሆናል፤ እነሱ ሲባዙ ናይትሬትና ፎስፌት ይወስዳሉ፣ ስኪመሩም እነሱን ገፎ ያወጣቸዋል። "ናይትሬት ቀናሽ" ተብለው በትንሽ ጠርሙስ በውድ ከሚሸጡት ፈሳሾች ብዙዎቹ ይኸው አልኮልና አቸቶ ናቸው። 40 በመቶ የሆነ ቮድካ በ100 ሊትር ውሃ 0.1 ሚሊ ሊትር ተብሎ ነው በቀን የሚጀመረው፣ ከዚያ በየጥቂት ቀኑ በጣም በጥቂቱ ይጨመራል። ነጭ አቸቶ፣ 5 በመቶ የሚል የተጻፈበት፣ ከሆነ ወደ ስምንት እጥፍ ገደማ ነው። የጅማ ወዳጆቼ ካቲካላ አይሆንም ወይ ብለውኛል። አይሆንም። የአልኮሉ መጠን ከቤት ቤት ስለሚለያይ በሲሪንጅ የምትለኩት ምን እንደሆነ አታውቁም። ፎስፌቱ አስቀድሞ ዜሮ የሆነበት ገንዳም በዚህ አይጠቀምም፤ ባክቴሪያዎቹ ሁለቱንም ይፈልጋሉ።

ግን እዚህ ላይ ከውጭ አገር የተጻፈ ምክር እንዳለ ተገልብጦ መምጣቱ ያስፈራኛል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ያው ሙቀትና ያው ጨው ያለው ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የጨው ውሃ ቀድሞውንም ከጨው አልባው ያነሰ ነው የሚይዘው። አቸቶ ስትጨምሩ የሚባዙት ባክቴሪያዎች ደግሞ ኦክስጅን ይበላሉ። በዚህ ላይ መብራት ቢሄድ፣ ፓምፑ ቢቆም፣ ስኪመሩ ቢቆም? ዓሦቹ ውሃው ጫፍ ላይ አፋቸውን ከፍተው ታገኟቸዋላችሁ፣ ውሃውም ወተት መስሎ። ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ ጅማ ያለ ሰው መጠኑን ወረቀት ላይ ካለው እንኳ ቀንሶ ይጀምር። ጠዋት መብራት ሲበራ ይስጥ እንጂ ማታ አይስጥ፣ ምክንያቱም ኦክስጅኑ ዝቅ የሚለው ሌሊት ነው። መብራት ሲመጣ ሲሄድ በዋለበት ቀን ጭራሽ አይስጥ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሳይገዛ አይጀምር። ባለ ስንት ሊትር ገንዳ እንዳለኝ ሳይጠይቅ ስለ ኦክስጅኔ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር እሱን አምነዋለሁ።

የመጨረሻው ቅሬታዬ "ዜሮ እስኪደርስ" የምትለዋ ናት። ለምን ዜሮ? ኮራል ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች አሉ፣ ኮራሉን የሚመግቡት እነሱ ናቸው። ናይትሬት ሲበዛ ያለ ልክ ይባዙና ኮራሉ ቀለሙ ጠፍቶ ቡናማ ይሆናል፣ እድገቱም ይዘገያል። ናይትሬትና ፎስፌት ሲጠፉ ደግሞ ይራባሉ፣ ኮራሉም ይገረጣል። ከዚያ የባሰ አለ። ሁለቱም ዜሮ የሆኑበት ገንዳ ውስጥ ሌላው ሲደክም ዳይኖፍላጀሌት የሚባሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ይነግሣሉ፤ አሸዋውንና ድንጋዩን በሚዝለገለግ፣ አረፋ ባዘለ ቡናማ ነገር ይሸፍኑታል። ያንን ማጽዳት ናይትሬት ከማውረድ እጅግ ይከብዳል፤ ከመፍትሔዎቹ አንዱ እንዲያውም ናይትሬት መልሶ መጨመር ነው! እስኪ አስቡት፣ በብር ያወጡትን በብር ማስገባት።

ለእኔ ገንዳ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በሊትር ይበቃል። ሌዘር ኮራልና እንጉዳይ መሰሎቹ ለስላሳ ኮራሎች ብቻ ያሉት ሰው 20 ቢያይ እንቅልፍ አይጣ፤ እነሱ ትንሽ የቆሸሸ ውሃ ይወዳሉ። አክሮፖራ የሚባለው ድንጋያማ ኮራል ያለው ግን ጠንቀቅ ይበል። ዓሣ ብቻ ያለው ደግሞ 30ና 40ም ቢያይ ባልዲ ይዞ አይሩጥ። ከፍ ካለ ቁጥር ሲወርዱም በሳምንታት ነው እንጂ በአንድ ቅዳሜ አይደለም። 80 የለመደ ኮራል ማግስቱን 10 ውስጥ ሲገባ የሚደነግጠው ናይትሬቱ ስለቀነሰ ብቻ አይደለም፤ ግማሽ ውሃ ሲቀየር ጨዋማነቱም፣ ሙቀቱም፣ አልካሊኒቲውም (አሲድን የመቋቋም አቅሙ) አብረው ይዘላሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስለዚህ አዘጋጆች፣ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ያችን 10 ቁጥር ከነመለኪያዋ አርማችሁ አውጡልን፤ ናይትሬት ናት ወይስ ናይትሮጅን? "ንጹሕ ውሃ" ያላችሁትም በአር ኦ የተጣራ ውሃ ማለት መሆኑን አንድ መስመር ጨምሩበት።

ጅማና አካባቢዋ፣ አጋሮም ቢሆን፣ የጨው ውሃ ገንዳ ያለው ሰው ካለ ኬቶሞርፋ በየጊዜው እየቆረጥኩ የምጥለው አለኝ። በነፃ ነው። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ፤ ክዳን ያለው ባልዲ ይዞ ይምጣ፣ ለመንገዱ የሚሆን የጨው ውሃ ከእኔ።

ከሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ